ዛሬ ማታ ምን ላንብብ? ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ ወግ ወይስ ግለ ታሪክ

ባለፈው ቅዳሜ ለገሃር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ቦታ ቆሜ ነበር። አጠገቤ አንድ ወጣት ሁለት መጽሐፍ ይዞ ያመነታል። በአንድ እጁ ወፍራም ልብ ወለድ፣ በሌላው ቀጭን የግጥም መድበል። የያዘው ብር ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። ሻጩን «የቱ ይሻለኛል?» ብሎ ጠየቀው። ሻጩም «እንዳንተ ነው። ምን ማንበብ ትወዳለህ?» አለው። ልጁ ትንሽ አሰብ አደረገና «እኔ እንኳ ልብ ወለድ ነው የማነበው» ብሎ ግጥሙን ወደ ቦታው መለሰው።

ምንም አላልኩም። ሰው በገዛ ብሩ የፈለገውን ይግዛ። ግን ቤቴ እስክደርስ ያቺ መልስ ከጆሮዬ አልወጣችም። እኔም ለብዙ ዓመት እንዲያ ነበር የምለው። ግጥም ለገጣሚ፣ ታሪክ ለተማሪ፣ ተውኔት ለመድረክ ይመስለኝ ነበር። በዚህ ሐሳብ የቀረብኝ ንባብ ብዙ ነው፤ አሁን ድረስ ይቆጨኛል። ስለዚህ ለልጁ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው። የጽሑፍ ዓይነት እንደ ኳስ ክለብ አንዴ ተመርጦ ዕድሜ ልክ የሚደገፍ ነገር አይደለም። ዛሬ ማታ ስንት ሰዓት አለኝ? ጭንቅላቴ ምን ያህል ደክሟል? ምንስ ጠምቶኛል? ምርጫው ከነዚህ ነው የሚነሳው። ነገ ደግሞ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ረጅም ልብ ወለድ ወይስ አጭር?

ብዙ ሰው ልዩነታቸው የገጽ ብዛት ብቻ ይመስለዋል። ዋናው ልዩነት ሰዎቹን የምታውቁበት መንገድ ነው።

ሁላችንም የምናውቀውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ውሰዱ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ነው። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ነው ተብላችሁ ትከፍቱታላችሁ። መጀመሪያ የምታገኙት ግን የበዛብህን ወላጆች ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ እንዴት እንደተጋቡ፣ ልጃቸውን እንዴት እንዳገኙት፣ ለቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደተሳሉት ትከታተላላችሁ። ሁለቱ ወጣቶች እስኪገናኙ ገና ብዙ ገጽ ይቀራል። ችኩል አንባቢ እዚህ ላይ አጥፎ ያስቀምጠዋል። የታገሠ ግን ዋጋውን በኋላ ያገኛል። በዛብህ ፍቅር ሲይዘው ያ ስእለት እሱን ብቻ ሳይሆን አንባቢውንም ይከብደዋል። ወላጆቹ ሲሳሉ አብራችሁ ነበራችሁና! ይህን ክብደት በአሥር ገጽ ማምጣት አይቻልም።

አጭር ልብ ወለድ ሌላ ነገር ይሰጣል። በመንገድ ላይ አንድ ሰው ታያላችሁ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለ። ታክሲው ይነሳና ያ ሰው ይቀራል። ማታ ግን ሐሳባችሁ ውስጥ አለ። ከየት መጣ፣ የት ሄደ የሚለውን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። በአማርኛ የመጀመሪያው አጭር ልብ ወለድ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የተመስገን ገብሬ «የጉለሌው ሰካራም» ነው። ተመስገንን ስሙን ያዙልኝ፤ ወደ ታች በሌላ ልብስ ይመጣል።

እንግዲህ የቱን? ሦስትና አራት ሳምንት በተከታታይ ማታ ማታ ነፃ ከሆናችሁ ረጅሙን ያዙ። በቀን 20 ገጽ ብትሉ 500 ገጽ በ25 ቀን ያልቃል። ክረምት ለዚህ የተሠራ ይመስለኛል፤ ዝናቡ ራሱ አስቀምጦ ያስነብባል። ሥራ የበዛበት ሰው፣ ሕፃን የያዘች እናት፣ ፈተና ላይ ያለ ተማሪ ግን አጭሩን ይምረጥ። ረጅሙን በየሁለት ሳምንቱ አምስት ገጽ እያነበቡ መጎተት ሰዎቹን ማስረሳት ብቻ ነው ትርፉ።

አንድ ስህተት ግን አለ፤ እኔም ደጋግሜ ሠርቼዋለሁ። የአጫጭር ልብ ወለድ መድበልን እንደ ረጅም ልብ ወለድ በአንድ ትንፋሽ አትጨርሱት። አራተኛው ላይ ስትደርሱ የአንደኛው ሰው ከሦስተኛው ጋር ይደባለቅባችኋል። ማታ አንድ ብቻ። ከዚያ መብራት አጥፉ።

ግጥም፦ በዓይን ወይስ በአፍ?

ያ ልጅ የመለሰውን መድበል እኔ ገዛሁት። ቤት ገብቼ ስገልጠው አንድ ገጽ ግርጌ ላይ ቀን ተጽፏል። ሥሩ ሌላ ቀን። ሥሩ ሌላ። አራት ቀኖች፣ ሁለቱ በእርሳስ፣ አንዱ በሰማያዊ፣ አንዱ በጥቁር እስክሪብቶ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል አሥራ አንድ ዓመት አለ። የቀድሞው ባለቤት ያቺን አንዲት ግጥም ባነበበ ቁጥር ቀኑን ይጽፍ ነበር ማለት ነው። ግጥሟ አሥራ ስድስት መስመር ናት። የትኛውን ልብ ወለድ ነው በአሥራ አንድ ዓመት አራት ጊዜ ያነበብነው?

ግጥም ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ልብ ወለድን ጨርሰን እናስቀምጠዋለን። ግጥምን እንመለስበታለን። በተለይ የእኛ ግጥም ሰምና ወርቅ የለመደ ነው። በመጀመሪያው ንባብ ሰሙን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ፤ ወርቁ የሚመጣው ምናልባት በሦስተኛው፣ ምናልባት ሰሃን ስታጥቡ።

ግጥም አይገባኝም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፤ ድምፅ አውጥተህ አንብበኸዋል? ብዙዎቹ አላነበቡም። የአማርኛ ግጥም አፍ ይፈልጋል። የወል ቤት የሚባለውን፣ በብዛት የምታገኙትን ስንኝ ውሰዱ። መስመሩ 12 ቀለም (የሚቆጠር ድምፅ) አለው፣ ስድስት ላይ ይሰበራል። ሳድሶቹ እየተዋጡ ስለሚያስቸግሩ በጣት ከመቁጠር በጆሮ መያዝ ይቀላል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ስንኙን አስረዝሞ ስምንት ስምንት እያደረገ ጻፈ፤ ዛሬ «የጸጋዬ ቤት» የምንለው ነው። ሁለቱን አንዱን ካንዱ አስከትላችሁ በድምፅ ብታነቡ ልዩነቱን ደረታችሁ ይነግራችኋል። በጸጋዬ ቤት ትንፋሽ ያጥራል፤ የበለጠ አየር ስባችሁ ነው የምትጀምሩት። በዓይን ስታነቡ ይህ ሁሉ ያመልጣል።

እኔ ማታ ወጥ ቤት ውስጥ በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የማነበው። ልጄ አንድ ቀን ከሳሎን «እማዬ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለችኝ። መጥታ አጠገቤ ቆመች፣ ሁለት ጊዜ ሰማች፣ በሦስተኛው ቤት መምቻውን ቀድማኝ አለችው።

ለግጥም የሚሆነው ሰዓት ትንሽ ሰዓት ነው። የታክሲ ሰልፍ፣ ቡና እስኪፈላ፣ እንቅልፍ እስኪመጣ። ግን ጭንቅላት ጥርት ያለ ይሁን። በጣም ደክሟችሁ ከሆነ ግጥም አትክፈቱ፤ እሷም አትከፈትላችሁም። የድካም ቀን ንባብ ሌላ አለ፣ እንደርስበታለን።

ታሪክ ወይስ ግለ ታሪክ?

በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚያመነታ ሰው በጣም ብዙ ነው። ሁለቱም እውነት ነገር ይነግሩናል ብለን ስለምናስብ አንዱ ሌላውን የሚተካ ይመስለናል። አይተካም። በአንድ ቀን ላይ ላሳያችሁ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.። የታሪክ መጽሐፍ ብትከፍቱ ነገሩ ከላይ ይታያችኋል። ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ የጣሊያን አልጋ ወራሽ ልጅ ስለተወለደለት ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝብ ሰብስቦ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ ፋሺስቶቹ ሦስት ቀን ሙሉ በከተማው ሕዝብ ላይ ወረዱበት። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሏል። ምክንያቱን፣ ተዋናዮቹን፣ ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያለሱ ወሬ ብቻ ነው የሚቀረን።

ግን 30,000 የሚለውን ቁጥር አንብባችሁ ገጹን ትገልጣላችሁ። እኔም ገልጫለሁ። ሰው ለሠላሳ ሺህ ሰው ማልቀስ አይችልም።

አሁን ተመስገን ገብሬን ይዤ ልመለስ። «የጉለሌው ሰካራም»ን የጻፈው ሰው የራሱንም ሕይወት ጽፏል፤ መጽሐፉ «ሕይወቴ» ይባላል። በዚያ ቀን አዲስ አበባ ነበር። ከእልቂቱ ተርፎ ወደ ሱዳን ተሰደደ። በእሱ መጽሐፍ ውስጥ ከተማው ከላይ አይታይም። የሚታየው በአንድ ሰው ዓይን ልክ ነው። አጠገቡ ያለው፣ የሚሰማው ድምፅ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን አለማወቁ። የታሪክ ጸሐፊው ነገሩ ሦስት ቀን እንደሚቆይ ያውቃል። እዚያ መሐል ያለው ሰው አያውቅም። ግለ ታሪክን ስናነብ ያ አለማወቅ ወደ እኛ ይጋባል፤ ገጹን የምንገልጠው እየፈራን ነው።

ደካማ ጎኑም መነገር አለበት። ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ይመርጣል። የረሳው አለ፣ የደበቀው አለ፣ ከዓመታት በኋላ አስተካክሎ ያስታወሰው አለ። የትላልቅ ባለሥልጣናትን ግለ ታሪክ ስታነቡ ይህ ይበልጥ ይሠራል። ሁሉም ትክክል ነበሩ፤ ጥፋቱ ሁሌም የሌላው ነው። ስለዚህ የባለሥልጣን ግለ ታሪክ ለብቻው እንዲነበብ አልመክርም። አጠገቡ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ይኑር።

የኔ አካሄድ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ግለ ታሪኩን፣ ከዚያ ታሪኩን፣ ከዚያ የግለ ታሪኩን አንድ ሁለት ምዕራፍ እንደገና። በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ያለፍኩት ተራ የመሰለ ስም ወይም ቦታ ድንገት ይበራል። ለዚህ ጊዜ ከሌላችሁና የግድ አንዱን ምረጡ ከተባላችሁ፣ ለፈተና ወይም ለክርክር ከሆነ ታሪኩን፣ ለራሳችሁ ከሆነ ግለ ታሪኩን።

ልብ አንጠልጣይ ወይስ «ቁም ነገር» ያለው?

ይህ ጥያቄ ራሱ ያናድደኛል። የስለላና የወንጀል ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው በብዙ ቤት እንደ ሰነፍ ይታያል። «አንተ ደግሞ ቁም ነገር አታነብም?» ይባላል። በኔ ትውልድ ስንቱ ሰው ነው ማንበብን የለመደው ማሞ ውድነህ በመለሷቸው የስለላ መጻሕፍት! ሌሊት በኩራዝ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቆ። ያ ልጅ ነው በኋላ ሌላውን ሁሉ ያነበበው።

የድካም ቀን ንባብ ያልኳችሁ ይኸው ነው። ስምንት ሰዓት ሥራ ውላችሁ፣ ሁለት ሰዓት ታክሲ ጠብቃችሁ ስትገቡ፣ እናንተን የሚጎትት መጽሐፍ ያስፈልጋችኋል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ለሚሄድም ከዚህ የተሻለ ጓደኛ የለም።

ደግሞም ሁለቱ የግድ አይለያዩም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የስለላ ሩጫ አለው፣ ፍቅር አለው፣ ከጀርባው ግን አስመራ ላይ የተካሄደው የደርግ መንግሥት የቀይ ኮከብ ዘመቻ አለ። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን መጽሐፍ «ልብ አንጠልጣይ ነው» ብሎ የሚንቅ ሰው መንግሥት የፈራውን ነገር አላየም ማለት ነው።

ወግና ተውኔት

ስለ ወግ ብዙ አልልም፤ የሚወደው ያውቀዋል። የመስፍን ሀብተ ማርያምን ወጎች ያነበበ ሰው ቡና ቤት ገብቶ እንደ ድሮው አይቀመጥም፤ የሰውን አቀማመጥ ማየት ይጀምራል። ወግ ለምሳ ሰዓት ነው። ሦስት አራት ገጽ፣ ከዚያ ወደ ሥራ። ከልብ ወለድ ወደ ልብ ወለድ ስትሻገሩም መሐል ላይ አፍ ያጠራል።

ተውኔትን ማንበብ ግን የተረሳ ደስታ ነው። ሰው «ቴአትር የሚታይ እንጂ የሚነበብ ነው?» ይላል። ብሔራዊ ቴአትር ወይም ሀገር ፍቅር ሄዶ ማየት የሚተካ አይደለም፤ ልክ ነው። ስታነቡ ግን አዘጋጁ እናንተ ናችሁ። ያ ሰው ይህን ሲል ተቀምጦ ነው ወይስ ቆሞ? እየሳቀ ነው? ከንግግሩ በፊት ስንት ጊዜ ዝም አለ? ለብቻ ከከበዳችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ ገጸ ባሕርያቱን ተከፋፈሉና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። በበዓል ቀን ከሰዓት ላይ ዘመድ ተሰብስቦ ሳለ ሞክረነዋል። ዝምተኛው አጎታችን የንጉሡን ቦታ ወስደው እንዲያ ያለ ድምፅ ያወጣሉ ብሎ ማን ጠብቆ!

በነገራችን ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። እኒሁ ሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት አርቅቀዋል፣ የሕይወት ታሪካቸውንም ጽፈዋል። ከበደ ሚካኤልም ግጥም፣ ተውኔት፣ ታሪክ፣ ትርጉም ሁሉንም ሠርተዋል። ጸሐፊዎቹ በአንድ ጓሮ ሳይወሰኑ እኛ አንባቢዎቹ አጥር መሥራታችን ይገርመኛል።

ትርጉም ወይስ አገርኛ?

ትርጉም ስትመርጡ መጽሐፉን ብቻ አትምረጡ፤ ተርጓሚውንም ምረጡ። መጥፎ ትርጉም በመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል። ዓረፍተ ነገሩ አማርኛ ለብሶ የፈረንጅ አካሄድ ይሄዳል። ሰዎቹ ሲጣሉ እንኳ የመዝገበ ቃላት ቃል ነው የሚወራወሩት። ጥሩ ትርጉም ግን ለቋንቋችን አዲስ ክፍል ይሠራለታል። የጸጋዬን «ኦቴሎ» ያነበበ ሰው አማርኛ ቅናትን እስከ ምን ድረስ መሸከም እንደሚችል ያያል።

ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የመለሰውን የአሜሪካ ልብ ወለድ የተረጎመው በደርግ ጊዜ ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ ነው። ወረቀት አልነበረም። የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው፤ እየተደበቀ፣ ቁርጥራጭ በቁርጥራጭ ከእስር ቤት ወጣ። መጽሐፉን አንድ ጊዜ ያንን እያሰባችሁ አንብቡት። ስለ ሌላ አገር ጦርነት የሚያወራው ታሪክ እዚያ ክፍል ውስጥ ለነበሩት ምን እንደነበር ይሰማችኋል።

ለጀማሪ ግን በአገርኛ ይጀመር እላለሁ። ስሙን፣ ምግቡን፣ ሰላምታውን ሳያቆሙ ማንበብ የንባብ ፍጥነት ይሰጣል። ሁለት አገርኛ፣ ከዚያ አንድ ትርጉም፤ ይህ ለኔ ሠርቶልኛል።

ወረቀት ወይስ ትረካ?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ካነበበው ሰው ይልቅ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የሰማው ሳይበዛ አይቀርም። እናቴ ሽሮ እየለቀመች ነበር የምትሰማው። ጉዱ ካሳ ሲናገር እጇ ይቆማል። ስለዚህ መስማት ንባብ አይደለም የሚለኝን ሰው አልሰማውም። ዋሽንግተን ሌሊት ታክሲ የሚነዳ፣ ቤሩት ወይም ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ፣ መጽሐፍ ተሻግሮ እስኪመጣለት መጠበቅ የማይችል ሁሉ ትረካ ይስማ። ለረጅም ልብ ወለድና ለግለ ታሪክ ትረካ በጣም ይሆናል። ለግጥም ይሆናል፣ ግን ቶሎ ያልፋል፤ እየመለሳችሁ ስሙት። ለታሪክ መጽሐፍ አይሆንም። ስምና ዓመተ ምሕረት ሲከማች ወደ ኋላ ገጽ መግለጥ ያስፈልጋል።

በቴሌግራም የሚዞረውን የተሰረቀ ፒዲኤፍ ግን ተዉት። ደራሲው ከአንድ መጽሐፍ የሚያገኘው ትንሽ ነው፤ እሷንም አንውሰድበት።

ስትገዙ

ጀርባ ሽፋኑን አትመኑ፤ እዚያ ላይ ሁሉም መጽሐፍ ድንቅ ነው። መደርደሪያው አጠገብ እንደቆማችሁ ልብ ወለድ ከሆነ መሐል ላይ ከፍታችሁ ሰዎች የሚነጋገሩበትን ገጽ ፈልጉ። ንግግሩ በጆሯችሁ ከተሰማ ግዙት። ግጥም ከሆነ አጭሯን መርጣችሁ ከንፈራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ አንብቡ። ታሪክ ከሆነ ማውጫውንና የኅዳግ ማስታወሻውን እዩ፤ መረጃውን ከየት እንዳመጣው የማይናገር መጽሐፍ ላይ ብር አታውጡ። ግለ ታሪክ ከሆነ የልጅነቱን ምዕራፍ ክፈቱ። ስለ ልጅነቱ የሚዋሽ ሰው ስለ ሹመቱም ይዋሻል።

ብሩ ለአንድ ብቻ ከበቃ፣ በቅርቡ ካነበባችሁት የተለየውን ዓይነት ግዙ። ከኅትመት ውጪ የሆኑትን ደግሞ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ሄዶ ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል። ጠዋት ብትሄዱ መስኮት አጠገብ ቦታ ታገኛላችሁ።